ጉም የማያውቁ ልጆች

ባለፈው ዓርብ የክፍሉን ቁልፍና አንድ ነጭ መሐረብ ለተተኪዬ አስረከብኩ። ተተኪዬ ሳባ ትባላለች፤ ካርቱም፣ ደይም ሰፈር ተወልዳ ያደገች ቀልጣፋ ልጅ ናት። ቁልፉን ወዲያው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። መሐረቡን ግን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ «ጋሼ፣ የግድ ይሄኛው መሐረብ ነው?» አለችኝ። የመሐረቡን ነገር ለማስረዳት ሻያችን እስኪቀዘቅዝ ድረስ አወራሁ። በትዕግሥት ሰማችኝና በመጨረሻ፣ «ይህን ሁሉ ለምን አትጽፈውም?» ብላ ራሷን ገላገለች። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ካለኝ ቆይቷል። ዓይኔም ቢሆን ከድቶኛል። ሥዕል ያለው መጽሐፍ ጮክ ብሎ ለሕፃናት የሚያነብ ሰው ገጹን ወደ ልጆቹ አዙሮ፣ እሱ ራሱ ከጎን ሰረቅ እያደረገ ነው የሚያነበው፤ ለዚያ የሚሆን ዓይን አልቀረኝም። ጡረታ ወጣሁ ስል ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ ጡረታ የሚከፍለኝ የለማ። ትምህርቱን የሚመራው የማኅበረሰባችን ኮሚቴ ግን ሻይና ብስኩት አቅርቦ፣ ንግግር አድርጎ ሸኝቶኛል፤ ስለዚህ ወጥቻለሁ።

ማስተማር የጀመርኩት ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ አጠገብ በነበረ የስደተኞች ሰፈር፣ ከዛፍ ሥር ነው። እኔ ራሴ ጎጃም ውስጥ የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠርኩ ነኝ፤ የማውቀውም የማስተማሪያ መንገድ ያው ነበር። ዘንጌን ገበታው ላይ አሳርፌ «ሀ» ስል፣ ልጆቹ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ «ሀ» ይላሉ። ድምፃቸው ከፍ ባለ ቁጥር የተማሩ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን የሰፈሩ ሹም፣ ደግ ሱዳናዊ ነበር፣ ከቢሮው ወጥቶ፣ «ኡስታዝ ካሳ፣ ልጆቹን ምን ነካቸው? እባብ ገባ እንዴ?» ብሎኛል። እኔ ይህን እንደ ምስጋና ነበር የወሰድኩት።

ካርቱም ከመጣሁ በኋላ ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን በአንድ የሳሙና ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። ዓርብ ዓርብ ግን ሳጃና በሚባል ሰፈር አስተምራለሁ። ሱዳን ውስጥ እሑድ የሥራ ቀን በመሆኑ የኛ ልጆች አማርኛ የሚማሩት በዓርብ ዕረፍታቸው ነው። ክፍላችን ከአንድ ምግብ ቤት በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች። ከታች የሚዘፈነው ዘፈን በወለሉ በኩል ይወጣና ልጆቹ ከፊደሉ በፊት ዘፈኑን ይይዙታል። በውኃ የሚሠራው የአየር ማቀዝቀዣ ሲነሣ ጩኸቱ ድምፄን ይውጠዋል፤ መብራት ሄዶ ሲቆም ደግሞ ላባችን ይንቆረቆራል። ደመወዙን ተዉት፤ የሐፍላ፣ ማለት የከተማ አውቶቡስ፣ መሳፈሪያ ያህል ነበር።

እትዬ ዘነበችን ያወቅኳቸው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ሳሉ መዋዕለ ሕፃናት ያስተምሩ የነበሩ፣ በደርግ ጊዜ ከባላቸው ጋር ተሰደው የወጡ፣ ጀሪፍ ሰፈር የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ኮሚቴው የትምህርቱ ኃላፊ አድርጎ ሾማቸውና አንድ ዓርብ ክፍሌ ገብተው ጥግ ላይ ባለች አጭር ዱካ ተቀመጡ። ልጆቼ ፊደሉን ከላይ እስከ ታች አንበለበሉት። እሳቸው ተነሥተው ገበታው መሐል ላይ ያለችውን «ቱ» በጣታቸው ነኩና፣ «ይቺ ማን ናት?» አሉ። ያወቀ የለም። ከዚያ አንደኛዋ ከ«ሀ» ጀምራ በለሆሳስ እየቆጠረች መውረድ ጀመረች። እትዬ ዘነበች አልሳቁባትም፤ እኔንም አልወቀሱኝም። «ድምፃቸው ግሩም ነው» አሉኝ፤ «አሁን ደግሞ ዓይናቸውን እናስጀምር።»

በሚቀጥለው ዓርብ በጨርቅ የተጠቀለሉ የሥዕል መጻሕፍት ይዘው መጡ። ከአዲስ አበባ በመንገደኛ ሻንጣ የመጡ ቀጫጭን መጻሕፍት ናቸው። ከማንበባቸው በፊት ልጆቹ እያዩ እጃቸውን ታጠቡ፤ ልጆቹም ተሰልፈው ታጠቡ። ካርቱም አቧራዋ ብዙ ነው፤ መጽሐፉ ደግሞ ጥቂት። እኔ ግን ለንጽሕናው ብቻ አልመሰለኝም። እጁን ታጥቦ የተቀመጠ ልጅ የሚበላ ነገር እንደሚመጣ ያውቃል።

ከዚያ መጽሐፉን እንደተዘጋ ከፍ አድርገው ይይዙና፣ ገልበጥ ዞር እያደረጉ፣ «በሩ የት ነው?» ይላሉ። ይህ ጥያቄ ሌላ አገር ላይ ሞኝነት ይመስል ይሆናል። የኛ ልጆች ግን ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን የሚማሩት ዐረብኛ ነው፤ ማንኛውንም መጽሐፍ ስትሰጣቸው ከጀርባው በኩል ይከፍቱታል። እኔ ስገሥጽ ኖሬያለሁ። እሳቸው ግን፣ «የዐረብኛው ቤት በሩ በዚያ በኩል ነው፤ የአማርኛው በዚህ በኩል። ሁለቱም ቤታችሁ ነው፤ በሩን ብቻ አትሳቱ» ይሏቸው ነበር።

አነባበባቸው ሥርዓት ነበረው። በመጀመሪያው ዓርብ መጽሐፉን ለጨዋታው ብቻ ያነቡታል። ገጽ ከመግለጣቸው በፊት ታችኛውን ጥግ ይይዙና ይቆያሉ፤ «አሁን ምን የሚመጣ ይመስላችኋል?» ብለው ሁሉም የመሰለውን እስኪናገር ይጠብቃሉ። በሚቀጥለው ዓርብ ያንኑ መጽሐፍ እንደገና ያነቡና፣ ከመጥረጊያ የተነቀለች ስንጥር በየቃሉ ሥር ከግራ ወደ ቀኝ ያስኬዳሉ። ከዚያ ቃል እየዘለሉ ልጆቹ እንዲሞሉት ይተዋሉ፤ ቃሉን በጭብጨባ ይቆራርጡታል፤ «ዶሮ የሚለው በምን ድምፅ ይጀምራል? በማን ስም ውስጥ ይህ ድምፅ አለ?» ይላሉ። በመጨረሻ መሐረቧ ትመጣለች። ከጉያቸው ነጭ መሐረብ አውጥተው ሥዕሉን ይሸፍኑትና ጽሑፉን ብቻ ያስነብባሉ። ልጆቹ መሐረቧን አይወዷትም ነበር። «ሥዕሉ ይጋብዝሃል» ይሉኝ ነበር እትዬ ዘነበች፤ «ገብተህ መቀመጥህን የምታውቀው ግን ሥዕሉ ሲሸፈን ነው።»

ከእሳቸው ጋር ከሳጃና ወደ ጀሪፍ፣ ከዚያም ሶባ ድረስ ክፍል ከፍተናል። ሶባ የሐፍላው መንገድ ረጅም ነው፤ እሳቸው መጻሕፍቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በሚቀጥለው ሰዓት የሚያነቡትን በሹክሹክታ ይለማመዱ ነበር። ሳይለማመዱ አንብበው አያውቁም። ጎናቸው የተቀመጡ ሱዳናውያን ጸሎት የሚያደርሱ እየመሰላቸው ቦታ ይለቁላቸዋል። እኔ አፍር ነበር፤ ዛሬ ያ ሹክሹክታ ይናፍቀኛል።

ሜሮን የመጣችው በነዚያ ዓመታት ነው። ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ዐረብኛዋ እንደ ውኃ ይወርዳል፣ አማርኛዋ ግን ይንገዳገዳል። እናቷ የሺ የጎንደር ሴት ናት፤ በሰው ቤት ትሠራለች። ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስላልነበራት ፖሊስ ሰው የሚለቅምበት ቀን ከቤት አትወጣም። «ከሻ አለ ዛሬ» ብለው ስልክ የሚደውሉላት ቀን ሜሮንም ትቀራለች። የሺ ልጇን ለምን እንዳመጣች በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ነገረችኝ።

«መምህር፣ ክረምት ሲገባ ጎንደር እኅቴ ዘንድ ልልካት ነው። እዚህ በፍርሃት አሳደግኋት፤ ይበቃል። እኅቴ ስትጠይቅልኝ ትምህርት ቤቱ ሲቀበል ያስነብባል አሉ። ማንበብ ካልቻለች ከሕፃናቱ ጋር አንደኛ ክፍል ነው የሚያስቀምጧት። ይቺ ደግሞ ረጅም ናት፣ ኩሩ ናት። አንድ ቀን ከሳቁባት ትምህርት የሚባል አትወድም።»

«ኢንሻአላህ ታነባለች» አልኳት። በዐረብኛ ያልኩት እኔም ስላላመንኩት ይሆናል።

ያን ጊዜ እትዬ ዘነበች ታመሙና ሶባ ሆስፒታል ገቡ፤ ከወጡም በኋላ ለብዙ ሳምንታት ከቤት አልወጡም። ክፍሉ ለእኔ ብቻ ቀረ። በዚያ ላይ ፋሲካ እየቀረበ ነበርና የኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ ፍሥሐ መጡ። አቶ ፍሥሐ የሸቀጥ ነጋዴ፣ ደግ ሰው፣ ንግግር ወዳድ ናቸው። «መምህር፣ በፋሲካው የወላጆች ቀን ልጆቹ መጽሐፍ ሲያነቡ ሕዝቡ ይይልን። ሰው ሲያይ ነው የሚረዳን» አሉ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ቀኑ ግን ደርሷል፤ ልጆቹ ገና ናቸው።

እኔም ወደ ለመድኩት ተመለስኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር አነባለሁ፣ ልጆቹ ይከተሉኛል፤ ደግሞ ሌላ። እውነቱን ልናገር፣ ክፍሉ ደስ የሚል ሆነ። ከታች ያለው ምግብ ቤት እንኳ ዘፈኑን ቀንሶ ያዳምጠን ነበር። እትዬ ዘነበች የተዉልኝ መሐረብ መሳቢያ ውስጥ ተኛች። ሜሮን ደግሞ አንደበቷ ተፈታ፤ የዶሮዋንና የጅቡን መጽሐፍ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ገጹን በሚገለጥበት ቦታ እየገለጠች፣ ከእኔ በተሻለ ለዛ ትለው ጀመር። አማርኛዋ በርግጥ በጣም ተሻሽሎ ነበር። እኔም ታነባለች ብዬ አመንኩ።

የወላጆች ቀን አዳራሹ ሞላ። እትዬ ዘነበች ከስተው፣ ተደግፈው መጥተው ከፊት ተቀመጡ። ሜሮን ነጭ ቀሚስ ለብሳ ወጣች። መጽሐፏን ከፍታ ጀመረች፤ ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። መሐል ላይ ከርከዴ የሚባለው ቀይ መጠጥ የፈሰሰባቸው ሁለት ገጾች ተጣብቀው ኖሮ አብራ ገለጠቻቸው። ሥዕሉ ጅቡን በሌሊት ያሳያል። እሷ ስለ ዶሮዋ ጫጩቶች ቀጠለች፤ ጣቷንም በጽሑፉ ሥር ታስኬዳለች። ከፊት የተቀመጡት ትናንሾቹ መጽሐፉን ያውቁታልና አንዷ ጮክ ብላ፣ «ዶሮዋ እኮ አልፋለች፤ ጅቡ ጋ ነሽ» አለቻት። ሰው ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ አቶ ፍሥሐም አጨበጨቡ። ሜሮን ግን ገጹን አየች፣ ጽሑፉን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። የት እንዳለች የሚነግራት አንድም ፊደል አላገኘችም። መጽሐፉን ዘግታ ወረደች።

የሺ አልሳቀችም። ሰው ሲበተን መጥታ ፊቴ ቆመች።

«መምህር፣ ልጄ ታነባለች ወይስ አታነብም?»

«በቃሏ ይዛዋለች» አልኩ።

«እሱን አይደለም የጠየቅሁህ።»

«አታነብም፣ የሺ። ገና ናት።»

ራሷን ነቀነቀች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በማስተማር ዘመኔ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት የለም፤ እኔ ያፈርኩት ግን ምንም አይደለም፤ ያቺ ልጅ አንገቷን ደፍታ መውጣቷ ነው ያንገበገበኝ።

እትዬ ዘነበች ባጃጅ መሳይዋ ረክሻ ውስጥ ሲገቡ ደግፌያቸው ነበር። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ልጅቷ ጆሮ አላት፤ እሱ ትርፍ ነው» አሉ። «ከነገ ወዲያ ጀሪፍ አምጣልኝ። መሐረቧንም አምጣት።»

ክረምቱ እስኪደርስ ሜሮን ከዓርብ ሌላ በሌሎች ቀናትም ከሰዓት በኋላ እየተመላለሰች ጀሪፍ በረንዳቸው ላይ ተማረች። ብዙ ጊዜ የማደርሳት እኔ ነበርኩ። የዶሮዋን መጽሐፍ እንደገና ለማየት አልፈለገችም፤ እትዬ ዘነበችም አላስገደዷትም። በምትኩ ከሻይ ካርቶን መጽሐፍ መሥራት ጀመርን። ሜሮን የምታውቀውን ትሥላለች፤ ረክሻ፣ በመንገድ ዳር ያለ የውኃ ጋን፣ የኒም ዛፍ፣ ሰማዩን ቀይ አድርጎ የሚመጣውን የአቧራ ማዕበል፣ ሐቡቡን። ከዚያ ታሪኩን ትናገራለች፤ እትዬ ዘነበች ቃል ሳይቀይሩ ይጽፋሉ። «ሐቡብ መጣ። እማዬ በር ዘጋች። እኔ መስኮት ዘጋሁ።» ልጅቷ የራሷ ንግግር ወረቀት ላይ ተቀምጦ ሲጠብቃት አየች። መሐረቧ ሥዕሉ ላይ ስትወርድ መጀመሪያ ታለቅሳለች፤ በኋላ ትቆጣለች፤ ከዚያ ፊደሎቹን አንድ በአንድ መልቀም ጀመረች። ከዜማ ወደ ንባብ ስትሻገር ድምፅዋ ጠፋ፤ ያ ለዛ ያለው አንደበት እንደ ሕፃን ይንተባተብ ጀመር። እኔ ሰጋሁ። እትዬ ዘነበች ግን፣ «አሁን ገና አመንኳት። እየሠራች ነው» አሉ።

ሜሮን ወደ ጎንደር የምትሳፈርበት ቀን ተቆረጠ። ከመሄዷ በፊት በነበረው ዓርብ ከአዲስ አበባ የመጣ መንገደኛ አንድ አዲስ መጽሐፍ አደረሰን፤ እኔም እንኳ ገና አልገለጥኩትም። እትዬ ዘነበች ያን ቀን ሳጃና መጥተው ደረጃውን እያረፉ ወጡ። የሺም ከሥራ ተሰርቃ፣ ከነሽርጧ ኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። መጽሐፉን ተቀብዬ ላነብ ስነሣ እትዬ ዘነበች ክንዴን ያዙኝ።

«ዛሬ የምታነብልን ሜሮን ናት።»

ሜሮን ወደ እናቷ ዞረች።  ልጅቷ ሄዳ እጇን ታጠበች። መጽሐፉን ዘግታ ከፍ አደረገችና እንደ እትዬ ዘነበች አድርጋ፣ «በሩ የት ነው?» አለች። ትናንሾቹ ጠቆሟት።

ቀስ ብላ አነበበች። ሲቸግራት ትቆማለች፣ ፊደሉን በከንፈሯ ትቀምሰዋለች፣ ትቀጥላለች። ማንም አልረዳትም፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ ነው የቆየሁት። መሐል ላይ አንድ ግራጫ ገጽ መጣ። ተራራው በግማሽ ጠፍቷል፣ ዛፎቹ አይታዩም፣ አንዲት ልጅ እጇን ዘርግታ ትሄዳለች። ሥዕሉን ያዩት ልጆች ሁሉ ባንድ አፍ «ሐቡብ ነው» አሉ። አንደኛዋም፣ «ያላ፣ በር ዝጊ» ብላ በሥዕሉ ያለችውን ልጅ አስጠነቀቀቻት።

ሜሮን ጣቷን አላነሣችም። «ሐቡብ አይልም» አለች።

«ሐቡብ ነው፤ አታይም እንዴ?»

«አያለሁ። ግን እሱን አይልም። ‹ጉ› ነው የሚለው።» ቆመች። «ጉ... ም። ጉም። ‹ጠዋት ጉም መጣ› ይላል።» ከዚያ ቀና ብላ፣ «ጉም ምንድን ነው?» አለች።

እትዬ ዘነበች እጄን ጨበጡኝ። ልጅቷ በሕይወቷ ያላየችውን፣ ሥዕሉም የከዳትን፣ ማንም በጆሮዋ ያልነገራትን ቃል ከወረቀት ላይ አንሥታለች። ገብታ ተቀምጣለች ማለት ነው። 

የመለሰችላት የሺ ናት፣ ከኋላ። «ጉም... ደመና ነው፤ ወርዶ መሬት ላይ ሲተኛ።»

«ዓይን ውስጥ ይገባል?» አለች አንዷ ትንሽ።

«አይገባም። ቀዝቃዛ ነው። ጸጉርሽን ያረጥበዋል።»

«በር ይዘጋል?» አለች ሜሮን።

«አይዘጋም» አለች የሺ፤ በሽርጧ ፊቷን ጠረገች። «ለጉም በር አይዘጋም፣ ልጄ።»

ሜሮን በሳምንቱ በገዳሪፍ በኩል ሄደች። መስከረም ላይ የሺ ደረጃውን ሮጣ ወጥታ ነገረችኝ። የጎንደሩ መምህር የማታውቀውን መጽሐፍ ሰጣት፣ ቀስ ብላ አነበበችለት፣ ሦስተኛ ክፍል ግቢ አላት። ያን ቀን ክፍሉን ቀድሜ ዘግቼ ጀሪፍ ሄድኩና ለእትዬ ዘነበች ነገርኳቸው። በዐረብኛ «ታማም»፣ ጥሩ ነው፣ አሉ፤ እስክሄድ ድረስ ፈገግታው ከፊታቸው አልጠፋም። በዓመቱ አረፉ። መሐረቧ እኔ ዘንድ ቀረች።

ባለፈው ዓርብ፣ ቁልፉን ከማስረከቤ በፊት፣ የመጨረሻ ንባቤ ያው የጉሙ መጽሐፍ ነበር። ሳባ አጠገቤ ቆማ ገጹን ትይዝልኛለች። ግራጫው ገጽ ላይ ስንደርስ አዲሶቹ ልጆች እንደ ድሮዎቹ «ሐቡብ» አሉ። መሐረቡን አወጣሁና ሥዕሉን ሸፈንኩ፤ እየቆጠሩ፣ እየተጋፉ «ጉም» ላይ ደረሱ። ጉም ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁኝ ስልኬን አወጣሁ። ሜሮን በሄደችበት ዓመት፣ እትዬ ዘነበች ሳያርፉ፣ ከጎንደር የመጣ የድምፅ መልእክት አለኝ፤ የሺ ሳጃና በመጣች ቁጥር አሰማኝ ትለኛለች። ልጆቹ ወደ ስልኩ ተጠጉ።

«ጋሽ ካሳ፣ ሜሮን ነኝ። ዛሬ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንወጣ ጉም መጣ። ተራራው ጠፋ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ጠፋ፣ አክስቴ ከፊቴ እየሄደች አላየኋትም። እነሱ ሳይነግሩኝ አወቅሁት። ለእትዬ ዘነበች ንገርልኝ። ዓይን ውስጥ አይገባም። በር አልዘጋንም።»